የመዳቡ ስልክ ሲቋረጥ፦ ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ኤሌክትሪኩ ይጠይቁ

ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ዕድሜያቸው በገፋ እናትዎ ቤት ለብዙ ዓመታት ያገለገለ፣ በመዳብ ሽቦ የሚሠራ መደበኛ ስልክ አለ፤ አገልግሎት ሰጪው ድርጅትም የመዳቡን መስመር ዘግቶ ቁጥሩን ወደ ኢንተርኔት ሊያዛውር መሆኑን በደብዳቤ አሳውቋል። እርስዎ የኢንተርኔት ጥሪ የቀድሞውን ያህል የሚታመን መሆን አለመሆኑን፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚፈጠር፣ እናትዎ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጊዜ መጥሪያም እንደ ቀድሞው ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ዓይነት መስመሮች በመዘርጋትና በመጠገን ብዙ ዓመት ስላሳለፍሁ ጥያቄው ተደጋግሞ ይቀርብልኛል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚጠይቀኝ ስለ ሂሳቡና ስለ ድምፁ ነው። እርስዎ መብራቱን በማንሣትዎ ዋናውን ነጥብ ነክተዋል።

በድምፅ በኩል ስጋት አይግባዎ። በአግባቡ የተዘረጋ የኢንተርኔት ስልክ ከመዳቡ አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ይበልጠዋል። በአስተማማኝነት በኩል ግን ሁለቱ በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። የመዳቡ ስልክ ሳይቋረጥ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ኤሌክትሪኩን ጨምሮ፣ በድርጅቱ ጣቢያ ተሰናድቶ በሽቦው ላይ ይመጣል፤ በኢንተርኔቱ ስልክ ግን የዚህ ኃላፊነት ትልቁ ክፍል ወደ ደንበኛው ቤት ይዛወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ የኃላፊነት ዝውውር እንዲህ ባሉ ደብዳቤዎች ላይ ብዙ ጊዜ በግልጽ አለመጻፉ ነው። ስለዚህ የምሰጥዎ መልስ በአብዛኛው ስለ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ከግድግዳው ሶኬት የሚነሱት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተጠማዝዘው፣ በመንገድ ዳር ሳጥኖችና ከመሬት በታች በተቀበሩ ገመዶች አልፈው፣ እስከ ስልክ ማዞሪያ ጣቢያው ድረስ ይዘልቃሉ። የተጠማዘዙት በአጠገባቸው ካሉት ሌሎች ጥንዶች የሚመጣውን የሰው ወሬና የኤሌክትሪክ ጩኸት እንዳይቀበሉ ነው፤ ዘዴውን አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በስሙ አስመዝግቦታል። በጣቢያው በኩል ጥንዱ ሽቦ 48 ቮልት ከሚሰጥ ምንጭ ጋር ይያያዛል። ምንጩ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሆኑ 24 ትልልቅ የእርሳስና የአሲድ ባትሪዎች በተርታ የተቀጣጠሉበት ክፍል ነው፤ ወደዚያ ክፍል የገባ ሰው የአሲዱን ሽታና የባትሪዎቹን ግዝፈት አይረሳም። የባትሪዎቹ አዎንታዊ ጫፍ ከመሬት ጋር የሚያያዘው ሆን ተብሎ ነው፤ ሽቦው ከመሬቱ ይልቅ አሉታዊ ሆኖ ሲቆይ እርጥበት ቢነካው እንኳ መዳቡ ቶሎ አይበላም። ባትሪዎቹ ከመስመሮቹ ጋር ዘወትር እንደተያያዙ ስለሆኑ፣ መብራት በሚጠፋበት ቅጽበት አንዳች ነገር መቀያየር አያስፈልግም፤ ባትሪው ቀድሞውንም እዚያው ነበር። ቀጥሎ የጣቢያው ጄኔሬተር ይነሣል፤ በስልክ የሚነጋገሩት ሰዎችም መብራት መጥፋቱን የሚያውቁት ክፍላቸው በመጨለሙ ብቻ ነው።

ይህን በዓይንዎ ለማየት አንድ መልቲሜትር (ቮልት የሚለካ የእጅ መሣሪያ) ይበቃል። የስልኩ እጀታ በቦታው ተቀምጦ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ያነባሉ። እጀታውን ሲያነሡ ቁጥሩ ወዲያው ወደ 10 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ምክንያቱም በእጀታው ክብደት ተጭኖ የነበረው ቁልፍ ሲለቀቅ በሁለቱ ሽቦዎች በኩል የኤሌክትሪክ ጅረት መፍሰስ ይጀምራል፣ አብዛኛው ቮልቴጅም በመንገድ ላይ ባለው ሽቦና በጣቢያው መሣሪያ ላይ ይቀራል። ጣቢያው እጀታው መነሣቱን የሚያውቀው ከዚህ አነስተኛ ጅረት ነው፤ የመደወያውን ድምፅም የሚልክልዎት ይህንኑ አይቶ ነው። ሰው ሲደውል ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ጅረት ይላካል፤ የቀድሞውን ስልክ ደወል የሚያንቀጠቅጠው ይህ ነው። ስለዚህ በሚለኩበት ጊዜ የተላጠውን ሽቦ በጣትዎ አይንኩ፤ በዚያች ቅጽበት ጥሪ ቢመጣ ይነዝርዎታል።

እንግዲህ የመዳቡ ስልክ ትልቁ ሀብት ይህ ነው። ስልኩ ራሱ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ምንም አይፈልግም፤ የሚናገርበትም የሚደውልበትም ኃይል ከሩቅ ይመጣለታል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያጣሩ አጥብቄ እመክራለሁ፦ እናትዎ ቤት ያለው ስልክ ገመድ ያለው ነው ወይስ ገመድ አልባ? አንድ ጊዜ "ስልካችን መብራት ቢጠፋም ይሠራልና አትንኩብን" ያሉኝ ሰዎች ቤት ሄጄ፣ እነሱው ፈቅደውልኝ የቤቱን ዋና ማጥፊያ አጠፋሁት። ስልኩ ከዚያው ሞተ። የመዳቡ መስመር ምንም አልሆነም፤ መልቲሜትሩ 50 ቮልት ያሳይ ነበር። የሞተው የገመድ አልባው ስልክ መቀመጫ ነው፤ እሱ ከግድግዳው የመብራት ሶኬት ካልተመገበ እጀታውን ሊያነጋግር አይችልም። ሰዎቹ ከዓመታት በፊት አሮጌውን ገመድ ያለው ስልክ ጥለው ገመድ አልባ ሲገዙ፣ ሳያውቁት የመዳቡን ዋና ጥቅም አብረው ጥለውት ነበር። የእናትዎም ስልክ እንደዚህ ከሆነ፣ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወሩ የሚያጡት ነገር ከሚያስቡት ያነሰ ነው።

ብዙ ሰው የመዳቡ ድምፅ "ተፈጥሯዊ"፣ የኢንተርኔቱ ደግሞ "በኮምፒውተር የተሠራ" እንደሆነ ያስባል። ይህ ትክክል አይደለም። የመዳቡም ስልክ ድምፅ ጣቢያው እንደደረሰ ወደ ቁጥር መለወጥ ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ጣቢያው ከድምፅዎ ውስጥ ከ300 እስከ 3400 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ይወስዳል፣ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካዋል፣ እያንዳንዱን ልክ በ8 ቢት ይጽፋል፤ ይህም በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይሆናል። አሠራሩ ጂ.711 በሚል ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣ ሲሆን፣ ዛሬም ብዙ የኢንተርኔት ስልኮች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ድምፁ ወደ ቁጥር መለወጡ ላይ አይደለም፤ ከተለወጠ በኋላ እንዴት እንደሚጓዝ ላይ ነው። በቀድሞው አሠራር ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለእነሱ ብቻ የተያዘ መንገድ ይከፈትላቸዋል፤ ዝም ቢሉም እንኳ መንገዱ የእነሱ ነው፣ ማንም አይገባበትም። በኢንተርኔት ግን ድምፁ ተቆራርሶ በፓኬት በፓኬት ይጫናል፤ እያንዳንዱ ፓኬት ከሌሎች ሰዎች ቪዲዮ፣ ፎቶና ደብዳቤ ጋር በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ይጋፋል።

የፓኬቱን መጠን ላሳይዎ፣ ምክንያቱም ብዙ የተሳሳተ ፍርሃት እዚህ ላይ ይነሣል። የተለመደው የኢንተርኔት ስልክ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ይልካል፤ በውስጡ 160 ባይት ድምፅ አለ፣ በላዩ ላይ አድራሻና ቅደም ተከተል የተጻፈበት የ40 ባይት ማሸጊያ ይደረግበታል። በሰከንድ 50 ፓኬት ሲሆን 80 ኪሎቢት ይመጣል፤ የቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚጨምረው ሲታከልበት ወደ 87 ኪሎቢት ይጠጋል። ይህ ለዛሬ ኢንተርኔት እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ "ለስልኩ ሲባል ፈጣን ጥቅል ይግዙ" የሚል ሰው ቢገጥምዎ አይቀበሉት፤ ስልክ የሚፈልገው ፓኬቶቹ በሥርዓት፣ በእኩል ርቀት፣ ሳይጠፉ እንዲደርሱ ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም።

ፓኬቶቹ በ20 ሚሊሰከንድ ልዩነት ቢላኩም፣ አንዱ በ18፣ ሌላው በ45፣ ሌላው በ25 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ መሣሪያ ይህን ለማስተካከል የደረሱትን ፓኬቶች ለአጭር ጊዜ አቆይቶ በእኩል ምት ያጫውታቸዋል። ማቆያው ካጠረ የዘገዩት ፓኬቶች ይጣሉና ድምፅ ይቆራረጣል፤ ከረዘመ ደግሞ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ነገር ግን ይዘገያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳያልፍ ይመክራል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሰዎች ምክንያቱን ሳያውቁ መጋጨት ይጀምራሉ፦ አንዱ ዝምታ የሰማ መስሎት ሲናገር የሌላው ቃል ይደርስበታል፣ ሁለቱም "ይቅርታ፣ ቀጥል" ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት በመስመሩ ሳይሆን በራሳቸው ጆሮ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለምና።

አንድ ቤት ውስጥ የኢንተርኔቱ ስልክ በየምሽቱ ይቆራረጥ ነበር፤ ጠዋት ደግሞ እንከን የለውም። የቤቱ ሰዎች ሁለት ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ ራውተሩን ለውጠዋል። ማታ ሄጄ ከኮምፒውተር ወደ ውጭ የሚላክ መልእክት ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ስለካ በመጀመሪያ 20 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ልጆቹ ከውጭ ገብተው የእጅ ስልኮቻቸው ከቤቱ ዋይፋይ ጋር እንደተገናኙ 600 ደረሰ። የእጅ ስልኮቹ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ማከማቻ መጫን ጀምረው ነው። ወደ ቤቱ የሚወርደው ፍጥነት ሰፊ ቢሆንም ከቤቱ ወደ ውጭ የሚጫነው ጠባብ ስለነበር፣ ራውተሩ የድምፅ ፓኬቶቹን ከፎቶው ኋላ ወረፋ አስያዛቸው። መድኃኒቱ አዲስ ዕቃ መግዛት አልነበረም፤ በራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠውን ምርጫ ማብራትና የሚጫነውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብ ብቻ በቂ ሆነ። እናትዎ ቤት የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ከሆኑ ይህ ችግር ላይደርስባቸው ይችላል፤ የልጅ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቀን ግን ይጠብቁት። የስልኩ አዳፕተር፣ ማለትም መደበኛውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሣጥን፣ ራውተሩ ውስጥ ካልተካተተና ለብቻው ከተቀመጠ ደግሞ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ እንዲያያዝ ያድርጉ።

ስለ ድምፅ ጥራት ስጋት አይግባዎ ያልሁት በምክንያት ነው። የመዳቡ ስልክ ከ3400 ሄርትዝ በላይ ያለውን ይቆርጣል ብያለሁ። "ሰ" እና "ፈ" የሚለዩበት የትንፋሽ ድምፅ ግን አብዛኛው የሚገኘው ከዚያ በላይ ነው። በስልክ "ሠራ" ያሉት "ፈራ" ተብሎ የሚሰማው፣ ስም ስናስመዘግብም "ሰ፣ እንደ ሰላም" እያልን የምናስረዳው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ድምፅ የሚባሉት አሠራሮች ይህን ይፈታሉ፦ ጂ.722 እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከ50 እስከ 7000 ሄርትዝ ያስተላልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦፐስም ከጠባብ እስከ ሙሉ የሙዚቃ ጥራት እንደ መስመሩ ሁኔታ ራሱን ያስተካክላል። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች እንዲህ ያለውን አሠራር የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ በቀድሞው መስመር ላይ ካለ ወይም ጥሪው በሁለት ድርጅቶች መካከል ሲያልፍ ወደ ጂ.711 ከተመለሰ፣ የሚሰማው የዱሮው ድምፅ ነው። ቢሆንም እናትዎ እርስዎን ሲያነጋግሩ ልዩነቱን ሊሰሙት ይችላሉ፤ እንዲያውም "ዛሬ አጠገቤ ያለህ ይመስላል" ያለች እናት አውቃለሁ።

ለመዳቡ ፍትሐዊ ለመሆን ድክመቱንም መናገር ይገባኛል፤ የናፍቆት ጉዳይ አይደለምና። 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥንድ ሽቦ በአንድ ኪሎሜትር ወደ 270 ኦም ገደማ መቋቋም ስላለው፣ ከጣቢያው 5 ኪሎሜትር የራቀ ቤት ድምፁ ይደክምበታል። ገመዶቹ የተቀጣጠሉበት ቦታ ውኃ ከገባው ዝናብ በዘነበ ቁጥር ስልኩ ይንሾካሾካል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይድናል፤ ጠጋኙ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከዳነ በኋላ ነው። መዳብ ዋጋ ስላለው ይሰረቃል፣ መብረቅም ይጎዳዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጣቢያዎቹ መለዋወጫ እየጠፋ፣ የሚያውቃቸውም ባለሙያ ጡረታ እየወጣ ነው። ስለዚህ በብዙ አገሮች የመዳቡን መስመር ማቆየት ምርጫ ሆኖ አይቀርብም፤ ለምሳሌ ብሪታንያ የቀድሞውን የስልክ አገልግሎት ለመዝጋት የያዘችው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. ጥር 2027 ነው፣ እሱም ከ2025 መጨረሻ የተገፋው የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ያላቸው አረጋውያን ጉዳይ አሳሳቢ ሆኖ በመገኘቱ ጭምር ነው። የእርስዎ ስጋት የብቻዎ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱ።

አሁን ወደ መብራቱ ልመለስ። በኢንተርኔት ስልክ ጥሪ እንዲኖር ስልኩ፣ ራውተሩ፣ መስመሩ ፋይበር (መልእክትን በብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) ከሆነም የፋይበሩን ብርሃን የሚቀበለው ትንሽ ሣጥን ሁሉም ኤሌክትሪክ ማግኘት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጠፋ መስመሩ የለም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ራውተሩ 10 ዋት፣ የፋይበሩ ሣጥን 5 ዋት ቢወስዱ በድምሩ 15 ዋት ነው። በተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ሣጥን) ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በወረቀት ላይ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ዩፒኤሱ 12 ቮልቱን ወደ ግድግዳ መብራት ሲለውጥ፣ የራውተሩ ቻርጀር ደግሞ መልሶ ወደ 12 ቮልት ሲያወርደው የሚባክነውና የባትሪው እርጅና ሲቀነስ ግን 3 ወይም 4 ሰዓት ብቻ ይጠብቁ። በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጠውና ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው አነስተኛ ዩፒኤስ ይህን ድርብ ለውጥ ስለሚያስቀር በዚያው ባትሪ የበለጠ ሰዓት ያቆያል፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ከመግዛትዎ በፊት የመሣሪያዎቹን ቻርጀር ገልብጠው የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያንብቡ፤ ሁሉም 12 ቮልት አይደሉም። የእርሳስ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ እንደሚደክምም አይርሱ፤ ያልተፈተሸ ባትሪ ባትሪ እንደሌለ ይቆጠራል። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድርጅቶች ለተጋላጭ ደንበኞች በመብራት መጥፋት ጊዜ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚቻልበትን መንገድ እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። አንድ ሰዓት በእኔ አስተያየት ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋዊት አይበቃም።

የቤቱን ኃይል ካሟሉ በኋላ ከቤቱ ውጭ ስላለውም መጠየቅ አለብዎ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በመንገድ ዳር ሣጥን ውስጥ ባለ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ በኩል ከሆነ፣ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእርስዎ ባትሪ ቢኖርም የመንገዱ ሣጥን ባትሪ ሲያልቅ ሁሉም ይቆማል። ወደ መኖሪያ ቤቶች ከሚገቡት የፋይበር መስመሮች ብዙዎቹ ግን በመካከል ላይ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መስታወት መሰል መከፋፈያ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ብርሃኑ ከጣቢያው ተነሥቶ እስከ ቤት ያለ ኃይል ይደርሳል። ይህ ማለት ጣቢያው በባትሪና በጄኔሬተር እስከቆመ፣ እርስዎም ቤት ውስጥ ባትሪ እስካለዎ ድረስ መስመሩ ይሠራል። ምርጫ ከተሰጠዎ እንዲህ ያለውን ፋይበር ይምረጡ። ከመዳቡ ጋር በጽናት የሚወዳደር የማውቀው እሱ ነው። እናትዎ የእጅ ስልክ ካላቸው ሁልጊዜ ተሞልቶ መቀመጡም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የቤቱን ስልክ ሙሉ በሙሉ አይተካም፣ መብራት በሰፊው ሲጠፋ የእጅ ስልክ ማማዎችም ባትሪያቸው ያልቃልና።

የአደጋ ጊዜ ጥሪ አንድ ሌላ ጉዳይ ያነሣል። የመዳቡ ጥንድ ሽቦ የሚያልቅበት ቤት በድርጅቱ መዝገብ ላይ የታወቀ ስለሆነ፣ ደዋዩ መናገር ባይችል እንኳ አድራሻው ይታያል። የኢንተርኔት ቁጥር ግን ከሣጥኑ ጋር ይሄዳል፤ አዳፕተሩን ነቅለው ሌላ ከተማ ቢሰኩት እዚያ ይደውላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዲህ ያሉ አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኛውን የተመዘገበ አድራሻ ለአደጋ ጊዜ ማዕከላት እንዲያስተላልፉ ያስገደደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የእናትዎ አድራሻ በአዲሱ ሂሳብ ላይ እስከ ቤት ቁጥሩ በትክክል መመዝገቡን ያረጋግጡ፤ ሂሳቡ በእርስዎ ስም ከተከፈተ የእርስዎ ቤት አድራሻ እንዳይገባበት በተለይ ይጠንቀቁ።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መጥሪያ የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ቁልፉ የሚያነጋግረው በስልኩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም የአደጋ ጥሪዎቹን ወደሚቀበለው ማዕከል ደውሎ ማንነቱን በተከታታይ የድምፅ ምልክቶች ይናገራል። እነዚህ ምልክቶች ለመዳቡ መስመር የተሠሩ ናቸው። የኢንተርኔቱ መስመር ድምፅን አብዝቶ የሚያጨምቅ አሠራር ከተጠቀመ፣ አሠራሩ የሰውን ንግግር እንዲያስተላልፍ እንጂ ጥርት ያለ ቶን እንዲጠብቅ ስላልተሠራ፣ ምልክቱ ተዛብቶ ይደርሳል፤ አንድ ፓኬት ቢጠፋም ሰው የማይሰማው ክፍተት ለማሽኑ የጎደለ አኃዝ ይሆናል። ለሰው ጆሮ ፍጹም የሆነ መስመር ለመጥሪያው የተበላሸ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ድርጅቱን መስመሩ በጂ.711 ያለ ማጨመቅ እንዲሠራ ይጠይቁ፤ የመጥሪያውን አምራች ወይም አከፋፋይም መሣሪያው በኢንተርኔት መስመር ላይ እንዲሠራ የተፈተሸ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግርዎ ያድርጉ። መልሱ ካመነታ፣ የራሱ ባትሪና የእጅ ስልክ ሲም ባለው አዲስ መጥሪያ ይተኩት። ፋክስ ካለም ተመሳሳይ ችግር አለው፤ ነገር ግን በፋክስ ሕይወት አይጠፋም።

የሽቦው አያያዝም ሰውን ሲያሳስት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። በቀድሞው አሠራር መጥሪያው ከሌሎቹ ስልኮች ቀድሞ በመስመሩ ላይ ይያያዛል፤ እጀታ ተነሥቶ ቢቀር እንኳ መጥሪያው ስልኮቹን ቆርጦ መስመሩን ለራሱ እንዲይዝ ነው። አዲሱ ራውተር ሲመጣ ገጣሚው የቤቱን ስልክ ከራውተሩ ጀርባ ይሰካና ሞክሮ፣ መሥራቱን አይቶ ይሄዳል። መጥሪያው ግን አሁንም በግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ያ ሶኬት ደግሞ ሞቷል። በመጥሪያው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ኃይሉን ከቻርጀሩ ስለምታገኝ ትበራለች፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የእናትዎን መጥሪያ ገመድ ከሣጥኑ ጀምረው በእጅዎ እየተከተሉ የት እንደተሰካ እስኪያዩ ድረስ አያምኑ።

ስለ ምሥጢራዊነት ስላልጠየቁ በአጭሩ ብቻ እናገራለሁ። የመዳብን መስመር ለማድመጥ በመንገድ ዳር ሳጥን ሁለት መቆንጠጫ ማድረግ ይበቃል፣ ነገር ግን ሰውዬው እዚያ መገኘት አለበት፤ የኢንተርኔት ስልክን ግን ከሩቅ ሊደፍሩት ይሞክራሉ፣ የሚፈልጉትም ብዙ ጊዜ ወሬውን ሳይሆን በእርስዎ ሂሳብ ወደ ውድ ቁጥሮች መደወል ነው። የራውተሩንና የአዳፕተሩን ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ ድርጅቱም ወደማያስፈልግዎ የውጭ አገር ቁጥሮች የሚደረገውን ጥሪ እንዲዘጋልዎ ይጠይቁ።

በመጨረሻ ስለ ሥራው ቅደም ተከተል። የድሮውን መስመር እርስዎ ራስዎ አያሰርዙ፤ መስመሩ ከተሰረዘ ቁጥሩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ቁጥሩ እንዲዛወር የሚጠይቁት በአዲሱ አገልግሎት በኩል ነው፤ የሚቻል ከሆነም አዲሱን በጊዜያዊ ቁጥር ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን ያሠሩት። ከዚያ እርስዎ እዚያ በሚገኙበት አንድ ቀን፣ ለመቀበያው ማዕከል ሙከራ እንደሆነ አስቀድመው ነግረው፣ የቤቱን ዋና መብራት ያጥፉ። ሰዓት ይያዙ። በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከሦስት ሰዓትም በኋላ ወደ ውጭ ይደውሉ፣ ከውጭም ያስደውሉ። ባትሪው መድከም ሲጀምር እናትዎ ቁልፉን ራሳቸው ይጫኑት፣ የእርስዎ ጣት ሳይሆን የእሳቸው። በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ ስማቸውንና የቤታቸውን አድራሻ በትክክል ሲናገር ከሰሙ፣ በዚያው ሳምንት ቁጥሩ እንዲዛወርና የመዳቡ መስመር እንዲዘጋ ሊፈቅዱ ይችላሉ።